«አበበ በሶ በላ»ን ያልተቀበለው ፎርም፦ የአንድ ምዝገባ ገጽ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተፈጠረው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ይቆይ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ተማሪዎችን የሚመዘግበው በድረ ገጹ ነው። ወላጅ ፎርሙን ይሞላል፣ «ላክ» የሚለውን ይጫናል፣ «ምዝገባዎ ተሳክቷል» የሚል ገጽ ይመጣለታል። አሠራሩ ይኼው ነው። ዘንድሮ ግን ብዙ ወላጆች ያገኙት «ምዝገባው አልተሳካም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚለውን ነው። እንደገና ይሞክራሉ፣ ያው ነው። ከዚያ ይደውላሉ። የሬጅስትራሯ ስልክ እረፍት አጣ።

እኔ ስጠራ መፍትሔ የሚመስል ነገር ተገኝቶ ነበር። ሬጅስትራሯ ለደወለ ሁሉ «በእንግሊዝኛ ይሞክሩት» ትላለች። በእንግሊዝኛ ሲሞላ ያልፋል። አብዛኛው ወላጅ ተገላገልኩ ብሎ ይተወዋል። አንዲት እናት ግን አልተዋጠላቸውም። «የልጄ የልደት ሰርተፊኬት ላይ ያለው ስም በአማርኛ ነው። እኔ ከየት አምጥቼ ነው በእንግሊዝኛ የምጽፈው?» አሉ። ልክ ናቸው። «ጸጋዬ»ን ሦስት ሰው በላቲን ቢጽፈው ሦስት ዓይነት ሊወጣ ይችላል። በኋላ ከሰነድ ጋር ሲመሳከር ጣጣው የልጁ ነው።

ድረ ገጹን የሚከታተለው የአይቲ ባለሙያም ፎርሙን ፈትሾታል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚል ነበር መልሱ። አልዋሸም። እሱ የሚሞክረው ስም ቦታ ላይ «ቴስት ቴስት» ብሎ በላቲን ፊደል እየጻፈ ነው።

ከመነሻው የወደቁ ጥርጣሬዎች

ፎርም አልላክ ሲል መጀመሪያ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ኔም የሚባለው መለያ የሌለው ሳጥን ከፎርሙ ጋር አይላክም፤ አይዲ ቢኖረውም ለውጥ የለውም። ዲሴብልድ የተደረገ ሳጥንም አይላክም። የቁልፉ ዓይነት «ሳብሚት» መሆኑ ቀርቶ «በተን» ከሆነ፣ ጃቫስክሪፕት ካላገዘው በቀር ቢጫኑት ምንም አይሆንም። አንድ ፎርም ሌላ ፎርም ውስጥ ከገባ ብራውዘሩ የውስጠኛውን መክፈቻ ዝም ብሎ ይጥለዋል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ማጥፋት አላስፈለገም። ያው ፎርም፣ ያው ቁልፍ፣ በእንግሊዝኛ ሲሞላ ያልፋል። ስለዚህ ችግሩ የፎርሙ አጥንት ላይ ሳይሆን በውስጡ በሚሄደው ነገር ላይ ነው።

«ታዲያ አማርኛ አይቀበልም ማለት ነዋ» ብሎ መደምደም ይቻላል። ሁሉም እንደዚያ ደምድሞ ነበር። ሬጅስትራሯ ናት ያፈረሰችው። «ኧረ ወንድሜ፣ በአማርኛ የገቡም አሉ እኮ» ብላ የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር ከፈተችልኝ። እውነትም አሉ። «ሳራ አለሙ» ጥርት ብላ በአማርኛ ተቀምጣለች። ሌሎችም እንደ እሷ።

እንግዲህ ጥያቄው ተለወጠ። ለምን አማርኛ አይገባም ሳይሆን፣ የትኛው አማርኛ ገብቶ የትኛው ቀረ? ዝርዝሩን ትኩር ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ይታያል። የገቡት የአማርኛ ስሞች ሁሉ አጫጭር ናቸው። የልጅና የአባት ስም ብቻ። የአያት ስም የጨመረ የለም ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ የተሞሉት ውስጥ ግን ሦስቱም ስሞች ሞልተዋል።

አበበና ጫላ

ለሙከራ ሁላችንም ከልጅነት የምናውቀውን ጻፍኩ፦ «አበበ በሶ በላ»። አልተሳካም። «አበበ በሶ» ብቻ አልኩ፣ አለፈ። እዚህ ድረስ ርዝመት ነው ያሰኛል። ግን አስቡት፣ «አበበ በሶ በላ» ክፍት ቦታውን ጨምሮ ዘጠኝ ምልክት ነው። ሳጥኑ ላይ ማክስሌንግዝ የሚለው ገደብ 50 ነው። ዘጠኝ ከ50 ጋር ምን አጣላው?

ከዚያ ለጨዋታ ያህል አንዱን ክፍት ቦታ አጠፋሁና «አበበ በሶበላ» ብዬ ላክሁ። አለፈ! ክፍት ቦታውን መልሼ ስጨምር ደግሞ ወደቀ። «ጫላ ጩቤ ጨበጠ» ብልም ወደቀ። «ወልደገብርኤል» የሚለው ስም ብቻውን፣ ያለ አባት ያለ አያት፣ ወደቀ። አንድ ባዶ ቦታ ሲኖር የሚወድቅ፣ ሲጠፋ የሚያልፍ ፎርም ድግምት ሊመስል ይችላል። ግን እንዲህ ያለ ስስ መስመር ጥሩ ምልክት ነው። የሆነ ቦታ ላይ አንድ ገደብ ልክ በዚያች አንዲት ምልክት እየታለፈ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ሰርቨሩ ኮድ ይሮጣል። እኔ መጀመሪያ ከብራውዘሩ ምን እንደወጣ ማየት እመርጣለሁ። ኮድ እንዲህ ያደርጋል ብለን የምንገምተው ነገር ነው። የተላከው ዳታ ግን የሆነው ነገር ነው። ኮምፒውተር ላይ ኤፍ12 ተጫኑ፣ ኔትዎርክ የሚለውን ክፈቱ፣ ፎርሙን ላኩ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የፎርሙን መልእክት ምረጡ።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የመልሱ ቁጥር ነው፦ 200። ሁሉ ሰላም ማለት ነው። ምዝገባው ወድቆ ሳለ ሰርቨሩ 200 የሚመልሰው፣ ኮዱ ስህተቱን ውጦ «አልተሳካም» የሚል ተራ ገጽ ስለሚያወጣ ነው። የስህተት መዝገቡም ባዶ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ፕሮግራመሩ ስህተቱን ያዘ፣ የትም አልጻፈውም። ለኔ ከዋናው ችግር በላይ የሚያናድደው ይሄ ነው። ዋናው ችግር በዚያው ቀን ሊታወቅ ይችል ነበር።

ቀጥሎ ፔይሎድ የሚለው ክፍል አለ። እዚያ ላይ «አበበ» ይታያል ብዬ ስጠብቅ የታየው ይህ ነው፦

&#4768;&#4704;&#4704;

ጉዳዩ እዚህ ላይ ግማሹ ተፈታ። 4768 በዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መመዘኛ፣ የ«አ» ቁጥር ነው፣ 4704 ደግሞ የ«በ»። ብራውዘሩ የላከው ፊደሉን ሳይሆን የፊደሉን ቁጥር ነው፤ ኤችቲኤምኤል ውስጥ ፊደልን በቁጥር ለመጻፍ በምንጠቀምበት መልክ። አንዱ ፊደል ሰባት ምልክት ሆነ፦ ከፊት ሁለት፣ አራት አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ ነጠላ ሰረዝ የምትመስለው መዝጊያ። መሠረታዊው የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትም ሲሆን፣ ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ይዟል። ሁሉም ባለ አራት አሃዝ ነው። ስለዚህ ሂሳቡ ለሁሉም ፊደል አንድ ነው።

«አበበ በሶ በላ» ሰባት ፊደል ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት 49። ሁለት ክፍት ቦታ ሲጨመር 51። ዳታቤዙ ውስጥ የሙሉ ስም ዓምድ የተሠራው ለ50 ምልክት ነው። በአንዲት ክፍት ቦታ ወደቀ! «ጫላ ጩቤ ጨበጠ»ም ያው 51 ነው። «ወልደገብርኤል» ስምንት ፊደል ስለሆነ ብቻውን 56 ይሆናል። «ሳራ አለሙ» 36 ብቻ ናት፣ በሰላም ገባች። ሳጥኑ ላይ ያለው የ50 ገደብ ያላዳነው፣ ብራውዘሩ የሚቆጥረው ሰውየው የጻፈውን ስለሆነ ነው። ወደ ቁጥር የሚቀየረው በኋላ፣ ሲላክ ነው።

ብራውዘሩ ለምን ቁጥር ላከ?

ፎርም ሲላክ ጽሑፉ ወደ ባይት፣ ኮምፒውተር ወደሚያስቀምጣቸው ቁጥሮች፣ ይቀየራል። በየትኛው ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደልን ከባይት ጋር በሚያዛምደው በየትኛው ሠንጠረዥ? ፎርሙ ራሱ ሌላ ካላዘዘ በገጹ ኢንኮዲንግ ነው። ገጹ ዩቲኤፍ-8 ከሆነ «አ» ሦስት ባይት ሆና ትሄዳለች፣ ነገሩ ያልቃል። ገጹ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ የሚያውቀው አይሶ 8859-1 ከሆነ ግን «አ»ን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ያን ጊዜ ብራውዘሩ ፊደሉን በቁጥሩ ይተካዋል። ይህ የብራውዘር ስህተት አይደለም፤ የኤችቲኤምኤል መመዘኛው ራሱ እንዲህ አድርግ ይላል። ችግሩ ሰርቨሩ ሲቀበለው ተጠቃሚው በእጁ «&#4768;» ብሎ ይጻፈው ወይም ብራውዘሩ ይተካው መለየት አለመቻሉ ነው።

ኤፍ12 ውስጥ ባለው የትእዛዝ መጻፊያ፣ ኮንሶል ላይ፣ የገጹን ኢንኮዲንግ ስጠይቅ «ዊንዶውስ 1252» አለኝ። ብራውዘሮች አይሶ 8859-1 የተባለን ገጽ ሁሉ በዊንዶውስ 1252 ነው የሚያነቡት፣ ስለዚህ መልሱ አያስገርምም። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ዘዴ አለ። ፎርሙ ውስጥ የተደበቀ ሳጥን ጨምሩና ኔሙን «ቻርሴት» በሉት፣ በላቲን ፊደል፣ ከፊትም ከኋላም የሥር ሰረዝ አድርጋችሁ። ብራውዘሩ ሲልክ የተጠቀመበትን ኢንኮዲንግ ራሱ ይሞላበታል። የሰው ስልክ ላይ ሆኖ ኤፍ12 መክፈት በማይቻልበት ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ሆኖ ለማየት ይህን የመሰለ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ገጹ በላቲን ኢንኮዲንግ ከሆነ «የተማሪው ሙሉ ስም» የሚለው የአማርኛ ጽሑፍ እንዴት በትክክል ይታያል? የገጹን ምንጭ ከፍቼ አየሁ። ጽሑፉ ሁሉ በቁጥር ነው የተጻፈው። ገጹ በድሮ ኤዲተር የተሠራ ነው፤ ኤዲተሩ አማርኛውን እያንዳንዱን ፊደል ወደ ቁጥር እየቀየረ አስቀምጦታል። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ጽሑፉ ተበላሽቶ ቢታይ ኖሮ ገና ድሮ አንድ ሰው ይጮህ ነበር። አሳምሮ መታየቱ ነው ችግሩን የደበቀው።

የባሰው ደግሞ የሬጅስትራሯ ዝርዝር ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው «&#4768;» ነው። የዝርዝሩ ገጽ ግን ስሙን ምንም ሳያጣራ ኤችቲኤምኤል ውስጥ ይከተዋል። ብራውዘሩ ቁጥሩን ሲያገኝ መልሶ «አ» ያደርገዋል። እሷ የምታየው «ሳራ አለሙ»ን ነው። ሁለት ጥፋት ተደራርቦ ትክክል የሚመስል ነገር ሠራ። አለማጣራቱ በራሱ ትልቅ ቀዳዳ ነበር። አንድ ክፉ ሰው ስም ቦታ ላይ የጃቫስክሪፕት ኮድ ቢጽፍ እሷ ዝርዝሩን ስትከፍት ይሮጥ ነበር።

«አምና ይሠራ ነበር»

ይህን ሁሉም ሰው ይለኛል። ገጹ ካልተነካ፣ ፎርሙ ካልተነካ፣ ለምን ዘንድሮ? መልሱ ከሆስቲንግ ድርጅቱ መጣ። ክረምት ላይ የዳታቤዙን ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤልን፣ ወደ 5.7 ዕትም አሳድገውታል። ከዚህ ዕትም ጀምሮ ጥብቅ አሠራር ሳይታዘዝ ራሱ ይበራል። በጥብቅ አሠራር ከዓምዱ የረዘመ ጽሑፍ ሲመጣ ዳታቤዙ በስህተት 1406 ይመልሰዋል። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ይመዘግብና የተረፈውን ቆርጦ ያስገባል።

ማለትም አምና አልሠራም። አምና በዝምታ ይቆርጥ ነበር። ወላጆች «ተሳክቷል» ተብለዋል፣ የልጆቻቸው ስም ግን ተጎርዶ ነው የገባው። «አበበ በሶ በላ» ዓይነት ስም የሚያጣው የመጨረሻዋን መዝጊያ ምልክት ብቻ ነው። ብራውዘር ያለ እሷም ስለሚያነበው ማንም አያስተውልም። ረዘም ያለው ግን የአያት ስሙን ሙሉ በሙሉ አጥቷል። ሬጅስትራሯ ይህን ስትሰማ «እኔማ ወላጆቹ ሰንፈው የአያት ስም የተዉት መስሎኝ!» አለች።

ጥገናው

ባለሙያው ቶሎ ብሎ ገጹ ራስ ላይ ሜታ ቻርሴት ዩቲኤፍ-8 የሚል መስመር ጨመረ። ትክክለኛ እርምጃ ነው። ምንም ለውጥ አላመጣም። ኮንሶሉ አሁንም «ዊንዶውስ 1252» ይላል። ምክንያቱ ሰርቨሩ ገጹን ሲልክ ከገጹ ፊት በሚሄደው መግለጫ፣ በሄደሩ፣ «ይህ አይሶ 8859-1 ነው» ብሎ ስለሚያውጅ ነው። ሄደሩና ሜታው ሲጣሉ የሚያሸንፈው ሄደሩ ነው። ሄደሩን የሚያዘው ኤችቲአክሰስ የሚባለው ፋይል ውስጥ ያለ አንድ የድሮ መስመር ሆኖ ተገኘ። ወደ ዩቲኤፍ-8 ተቀየረ። ፋይሉም ራሱ በዩቲኤፍ-8 ተቀመጠ። ፎርሙ ላይ አክሰፕት-ቻርሴት የሚለውን መለያ ዩቲኤፍ-8 ብለን ጨመርንበት፤ ገጹ ነገ በሌላ ሰው ቢበላሽ ፎርሙ ራሱን እንዲያድን።

በነገራችን ላይ ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ሬይልስ የሚባለው የፕሮግራም ማዕቀፍ በ2010 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ፣ በሚያዘጋጀው ፎርም ሁሉ ውስጥ አንዲት ✓ ደብቆ መላክ ጀምሮ ነበር። ከእሷ በፊት በሙከራ ዕትሙ ላይ የበረዶ ሰው ☃ ነበር የሚላከው። ዓላማው የድሮው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ጽሑፉን በዩቲኤፍ-8 እንዲልክ ማስገደድ ነው። ምልክቷ በላቲን ኢንኮዲንግ ስለማትገባ ብራውዘሩ ሳይወድ በግዱ ዩቲኤፍ-8 ይጠቀማል።

ከዚህ በኋላ «አበበ በሶ በላ» አለፈ። ፔይሎዱም ላይ ንጹህ አማርኛ ታየ። ግን አላለቀም። ዳታቤዙን በቀጥታ ስንከፍት ስሙ ባርኔጣ የደፉ የላቲን ፊደላት ሆኖ ተቀምጧል። ሠንጠረዡም፣ ኮዱ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት መስመርም ላቲን 1 የሚባለውን የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ የሚጠቀሙ ናቸው። ማይኤስኪውኤል ከ8.0 በፊት ካልተነገረው በቀር ላቲን 1 ነው የሚጠቀመው። ሦስቱ የ«አ» ባይቶች እንደ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ተቆጠሩ። የፕሮግራሙ ገጽ ላይ ሲወጡ ተመልሰው ስለሚገጣጠሙ ደህና ይመስላል፤ ኤክሴል ላይ ሲወጣ ጉድ ይሆናል።

ሁለቱንም ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4፣ የማይኤስኪውኤል ሙሉ ዩቲኤፍ-8፣ ቀየርን። የማይኤስኪውኤል ተራው «ዩቲኤፍ8» ለአማርኛ ይበቃል፤ ፊደላችን ከሦስት ባይት አያልፍም። ግን በ2021 ዩኒኮድ ለጉራጌ ቋንቋዎች የጨመራቸው ፊደላት አራት ባይት ናቸው። አንድ የጉራጌ አባት የልጁን ስም በትክክለኛው ፊደል ቢጽፍ ተራው ዩቲኤፍ8 አይቀበለውም። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ይህንኑ ታሪክ ከእንደገና ይጀምራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ላቲን 1 ዓምድ ውስጥ የዩቲኤፍ-8 ባይት ተቀምጦ ሳለ በቀጥታ ብትቀይሩት፣ ዳታቤዙ የተበላሸውን እውነት ነው ብሎ ድጋሚ ያበላሸዋል። መጀመሪያ ዓምዱን ወደ ባይነሪ፣ ማለትም ኢንኮዲንግ ወደሌለው ጥሬ ባይት፣ ከባይነሪ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ነው መንገዱ። እኛ ጋ በዚህ መልክ የገቡት የሙከራ ስሞች ብቻ ስለነበሩ አጥፍተናቸው አለፍን። ቅጂ ሳይያዝ ግን እንዲህ ያለ ሥራ አይጀመርም።

በቁጥር የገቡት የድሮ ስሞች የሰርቨሩ ኮድ በተጻፈበት በፒኤችፒ ቋንቋ የኢንቲቲ (በቁጥር የተጻፈ ፊደል) መፍቻ ተግባር ወደ ፊደል ተመለሱ። የዝርዝሩ ገጽ ስሞችን አጣርቶ እንዲያወጣም ተደረገ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ማጣራቱ መጀመሪያ ቢገባ ኖሮ ሬጅስትራሯ ጠዋት ዝርዝሩን ስትከፍት የምታየው የቁጥር ጎርፍ ነበር።

ባለሙያው ሰርቨሩ ላይም የርዝመት መቆጣጠሪያ ጨመረ። ስትርሌን በሚለው የፒኤችፒ ተግባር ነበር ያደረገው። ይህ የሚቆጥረው ባይት ነው። ባለ 17 ፊደል ስም 51 ይሆንበታል፣ ተመልሰን እዚያው ነን። ኤምቢ የሚል ቅጥያ ባለው ወንድሙ ተተካ። እሱ ፊደል ይቆጥራል። ኮዱም ስህተት ሲይዝ መዝገብ ላይ እንዲጽፍ፣ ለብራውዘሩም ከ200 ሌላ ቁጥር እንዲመልስ ተደረገ።

የቀረው የአምናው ስም ነው። የተቆረጠው በኮድ አይመለስም፤ የሌለ ነገር ከየትም አይመጣም። ማግኘቱ ግን ቀላል ሆነ። ስሞቹን ወደ ፊደል ከመመለሳችን በፊት በያዝነው ቅጂ ላይ ርዝመታቸው ልክ 50 የሆኑ ስሞችን ፈለግን። ተቆርጦ የገባ ስም ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። በአጋጣሚ ልክ 50 የሞላ ጤነኛ ስምም ይገኝበታል፣ እሱ መጨረሻው ላይ መዝጊያ ምልክቱ ስላለች ጤነኛ ነው ተብሎ ይጠረጠራል እንጂ ከዝርዝሩ ወዲያው አይወጣም፤ መቁረጫው ልክ ፊደል አልቆ ሊያርፍም ይችላልና። ዝርዝሩን አትመን ለሬጅስትራሯ ሰጠናት። እያንዳንዱን ከተማሪው የወረቀት ፋይል፣ ከልደት ሰርተፊኬቱ ኮፒ ጋር እያመሳከረች የጎደለውን የአያት ስም በእጇ እያስገባች ነው። በእንግሊዝኛ እንዲሞሉ የተነገራቸው የዘንድሮ ወላጆችም የአማርኛውን ስም እንዲልኩ አጭር መልእክት ተልኮላቸዋል።